በሽንት ውስጥ የታየ ደም

የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከቆመበት ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል የምትታየው ጅማ፣ የአጋሮን፣ የሊሙን፣ የጌራንና የሰቃን ቡና እንደምትሰበስብ ሁሉ፣ የእነዚሁ አገሮች ሕሙማንም ደዌያቸው ሲጠናባቸው የሚመጡት ወደ እርስዋ፣ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከደዌያቱ አንዱ በዐዋቂዎች፣ ይልቁንም ከስድሳ ዓመት ወዲያ ባሉት ላይ የሚበረታው የኩላሊት ነቀርሳ ሲሆን፣ ክፋቱ ሳያሠቃይ መጀመሩ ነው።

ወገቡን ያመመው ሰው «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ብሎ ፈጥኖ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ሽንቱ ግን አንድ ቀን የሥጋ እጣቢ መስሎ ቀልቶ በማግስቱ የጠራለት ሰው፣ ሕመም ስላልተሰማው ብቻ ነገሩን ይረሳዋል፤ ወራቱም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ የቡናው ለቀማ የሚበረታበት ከሆነ፣ ማሳውን ጥሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ጥቂት ነው። ደሙ ታይቶ መጥፋቱ ግን የበሽታውን መጥፋት አያስረዳም። ጠጠርም፣ የሽንት መንገድ ኢንፌክሽንም ደም ያሳያሉና ደም የታየበት ሁሉ ነቀርሳ ይዞታል ማለት አይደለም፤ ይህን ለይቶ የሚነግረው በመጀመሪያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያም ሲቲ ስካን ነው። ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት ለደዌው መንገድ ይጠርጋሉ።

እብጠቱ ከኩላሊቱ ሳይወጣ ከተደረሰበት ዋናው ፈውስ ቀዶ ሕክምና ነው። ጉስታቭ ሲሞን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1869 እ.ኤ.አ. በሃይደልበርግ ከተማ የአንዲትን ሴት አንድ ኩላሊት አውጥቶ ሴትዮዋ በሕይወት ከኖረች ወዲህ፣ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር መቻሉ ታወቀ፤ ሲሞንም ይህን ከማድረጉ በፊት በውሾች ላይ ፈትኖ ነበር። ዛሬ እብጠቱ ከአራት ሳንቲ ሜትር ካነሰ፣ ከተቻለ የታመመውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ጤነኛውን ማትረፍ ይመረጣል። ለብዙ ነቀርሳ የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ለዚህኛው እምብዛም አይረዳም፤ ደዌው ወደ ሳንባ ወይም ወደ አጥንት ከተዛመተ የሚታዘዙት እንደ ሱኒቲኒብ ያሉት ክኒኖችና የሰውነትን መከላከያ ኃይል የሚያነሣሡት እንደ ኒቮሉማብ ያሉት መርፌዎች ናቸው፤ እነዚህም ዕድሜ የሚያራዝሙ ቢሆኑም፣ ዋጋቸው ከቡና ገበሬው ጓዳ እጅግ የራቀ መሆኑ ልብን ያሳዝናል፤ ስለዚህም ቀድሞ መድረስ ለእርሱ ከማንም ይልቅ ይጠቅመዋል።

ኩላሊቱ የወጣለት ሰው ወደ ማሳው ተመልሶ ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን የደም ግፊቱን ማስለካት፣ ሐኪሙ በቀጠረው ቀን ለምርመራ መመለስ፣ የቀረውን ኩላሊት እንዳይጎዱበትም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ከመዋጥ መከልከል ይገባዋል።