የተከራከረ ሰው በሰላም ቤቱ ይግባ

ኢትዮጵያ ተከራካሪ አጥታ አታውቅም። ስለ ዓባይ ውኃና ስለ ባሕር በር፣ ስለ ዩክሬንና ስለ ጋዛ፣ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ቤት ኪራይ አስተያየት የሌለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ታክሲ ውስጥ የተነሳ ሙግት ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ በስልክ ይቀጥላል፤ ዋሽንግተን ያለው ወንድም ሪያድ ካለችው እህቱ ጋር ቴሌግራም ላይ ሲሟገት ያድራል። የጎደለን ሌላ ነገር ነው፤ በክርክር የተረታ ወይም ብዙኃኑን ያስቆጣ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባበት ዋስትና። ይህ ጉድለት ላለፉት 50 ዓመታት ደጋግሞ ደም አፍስሷል።

በላ ልበልሃ

የጥንቱ ሙግት ደንብ ነበረው። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ባለተራው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ወደ ባላጋራው እየሰበቀ “በላ ልበልሃ!” ብሎ ነገሩን ይዘረግፋል። ባላጋራው ተናጋሪው እስኪጨርስ ይጠብቅና ለቀረበበት ጭብጥ መልስ ይሰጣል። በቃላቸው የሚተማመኑ መሆናቸውን ለማሳየት በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። የተቀመጠ ዳኛ በሌለበት መንገደኛ ሽማግሌ ሳይቀር ቁጭ ብሎ እንዲዳኝ ይለመናል። የተረታው ውርርዱን ይከፍላል።

ሥርዓቱ እንከን አልባ አልነበረም። እውነት ይዞ አንደበት ያጠረው ድሃ፣ ነገረ ፈጅ ባቆመ ሀብታም ይረታ ነበር። ቢሆንም ሦስት ቁም ነገሮች ነበሩት። ተከራካሪው በስሙና በአካሉ ይቆማል፤ ተራ ይጠብቃል፤ የሽንፈቱም ዋጋ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በዘመናችን አንድ በአንድ ያጣነው እነዚህን ነው።

የ1968 ዓ.ም. መድረክ

በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ “አብዮታዊ መድረክ” በሚል ዓምድ ሥር ለአገሪቱ አዲስ የሆነ ክርክር አስተናገደ። ከተቀናቃኞቹ የግራ ፓርቲዎች በአንድ ወገን የኢሕአፓ፣ በሌላው የመኢሶን አስተሳሰብ አራማጆች፣ ብዙዎቹ በብዕር ስም፣ ሌኒንንና ማኦን እየጠቀሱ ተሟገቱ። ኢሕአፓ ወታደራዊው መንግሥት ደርግ ሥልጣኑን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ያስረክብ አለ። በኃይሌ ፊዳ የሚመራው መኢሶን በበኩሉ ሕዝቡ እስኪደራጅ ድረስ ለወታደሮቹ “ሂሳዊ ድጋፍ” መስጠት ይሻላል ባይ ነበር። ተማሪው፣ ወዝ አደሩና የመንግሥት ሠራተኛው ጋዜጣውን እየተቀባበለ አነበበ።

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። የወታደር መንግሥት ወደ ሕዝብ ሥልጣን እንዴት ይሸጋገራል? ዛሬም ቢሆን መልስ የሚሻ ነው። ዳሩ ግን ክርክሩ እየገፋ ሲሄድ ስለ ሐሳቡ የሚጻፈው ቀንሶ ስለ ሰውየው የሚጻፈው በዛ። አንዱ ሌላውን “ባንዳ” አለው፤ ሌላውም “አናርኪስት” ሲል መለሰ። ባንዳም አናርኪስትም መልስ አይሰጠውም፤ ይወገዳል። መስከረም 1969 ዓ.ም. በደርጉ አመራር በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ የመኢሶኑ አመራር ፍቅሬ መርዕድም ተገደለ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ከሰበረ በኋላ ቀይ ሽብር የተባለው የግድያ ዘመቻ ያለ ይሉኝታ ተካሄደ። ነሐሴ ላይ መኢሶንም ራሱ ከደርግ ጋር ተጣልቶ ወደ ኅቡዕ ገባ። ኃይሌ ፊዳ ተይዞ ታሰረ፣ ኋላም ተገደለ። በጋዜጣው የተሟገቱት ሁለቱም ወገኖች ልጆቻቸውን ቀበሩ፤ ለመቅበር እንኳ ያልታደለ ወላጅ ስንቱ ነው! የሟቾቹ ፎቶግራፎች ዛሬ መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል።

የ1997 ዓ.ም. ምሽቶች

ከቀይ ሽብሩ 28 ዓመት በኋላ ሌላ ዕድል መጣ። ለግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎቹ ቅንጅትና ኅብረት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ። ብርሃኑ ነጋ፣ ልደቱ አያሌው፣ በየነ ጴጥሮስና መረራ ጉዲና ከገዢው ፓርቲ ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ገበሬው ይሽጠው ይለውጠው? ፌዴራሊዝሙ በቋንቋ ላይ መቆሙ ያዋጣል? ከኤርትራ ጋር የተፈረመው የአልጀርሱ ስምምነትና የአሰብ ጉዳይስ? ሻይ ቤቱና ግሮሰሪው በሰው ተሞላ። ሊስትሮው ከባንክ ሠራተኛው እኩል ስለ መሬት ፖሊሲ ሐሳብ ሰነዘረ።

ለጥቂት ወራት የጥንቱ ደንብ የተመለሰ መሰለ፤ ስም አለ፣ ተራ አለ፣ ሰዓት የሚጠብቅ አወያይ አለ። የሽንፈት ዋጋ ግን አልታወቀም ነበር። ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ በአገር አቀፉ ውጤት ግን ስምምነት ጠፋ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አደባባይ ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ግድያውን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን የተገደሉትን ሲቪሎች 193 ብሎ ቆጠረ። በቴሌቪዥን የተከራከሩ ሰዎች ቃሊቲ እስር ቤት ወረዱ፤ በይቅርታ የተፈቱትም በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ የወሰደው ትምህርት መራራ ነበር፤ ፊት ለፊት የተናገረ ይታሰራል። ስለዚህ ብዙዎች ስማቸውን ደብቀው መናገርን መረጡ።

ስልኩ ላይ

ፌስቡክና ቲክቶክ ያገኙን በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ነው። ሙግቱ ከጓዳ ወጣ፤ ይህ በራሱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ መንግሥት የማያነሳውን ጉዳይ ሕዝቡ ማንሳት ቻለ። ነገር ግን ስም የለም፣ ተራ የለም፣ ዳኛ የለም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አንድ ጉዳይ ያሳያል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ፎቶግራፉና ማንነቱ ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ። ሥሩ በተደረደሩት አስተያየቶች የሚጠራው ደም ነበር። ጥቅምት 24 ቀን ቤቱ ደጃፍ ላይ ተገደለ። ቤተሰቡ ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው አመልክቶ እንደነበር ይገልጻል። ልጁ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ በ2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ከ1968ቱ ጋር ሲተያይ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ያኔ ከጋዜጣ ወደ ጥይት ለመድረስ ወራት ወስዷል፤ አሁን ሳምንታት በቂ ናቸው።

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት፣ ጥቃት ካስከተለም እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ደግሞ ኢንተርኔቱን ለሳምንታት ዘጋው። መዝጋት ግን ቀስቃሹንና አስታራቂውን፣ ዋሺውንና አጣሪውን እኩል አፍ ያስይዛል። ውጭ አገር ተቀምጦ የሚቀሰቅሰውን ደግሞ ጨርሶ አይነካውም።

ከመዝጋት ይልቅ ለማነጋገር በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንም ቢሆን የሚሳካው ተቃዋሚው ተናግሮ በነጻነት ሲመለስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከየወገኑ የሚጠበቀው ግልጽ ነው። መንግሥት ግድያ የሚቀሰቅሰውን ይክሰስ፤ ሐሳቡን የተቃወመውን አይሰር። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹ ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከትግርኛ ተናጋሪዎች ትርፍ እስከሰበሰቡ ድረስ በእነዚህ ቋንቋዎች የሚያነቡ በቂ ሠራተኞች ይቅጠሩ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገራት ያላችሁ ወገኖች፣ እናንተ የጻፋችሁት ጎንደር፣ ነቀምት ወይም መቀሌ ያለ ሰው ደጅ እንደሚደርስ አስቡ። አንባቢም ሆይ፣ የሰው አድራሻና ፎቶግራፍ ከውንጀላ ጋር ሲደርስህ አታጋራ። የወገንህ ሰው ሲያደርገው ደግሞ ቀድመህ ተቃወም። የጠላኸው ተከራካሪ በሰላም ቤቱ ካልገባ ነገ አንተም አትገባም።