ባለ አንድ ጠመንጃ

በገጠር አንድ መጽሐፍ ብቻ ያለው ሰው መጽሐፉ ዳዊት መሆኑ ሳይጠየቅ ይታወቃል፤ አንድ ጠመንጃ ብቻ ያለው ሰው ግን የያዘው ምን እንደ ሆነ ካልጠየቁት በቀር አይታወቅም፤ ውጅግራ ነው፣ ምንሽር ነው፣ ቤልጅግ ነው ብሎ ስሙን ከተናገረ በኋላም ከሌሎቹ ሁሉ ለይቶ እርሱን የመረጠበትን ምክንያት ሲያትት እንግዳውን ከእሳት ዳር እስከ እኩለ ሌሊት ሊያስመሸው ይችላል። መሣሪያን በየዓይነቱ ማከማቸት የመንግሥት ግምጃ ቤት ፈንታ ነው፤ ሁለት በሬ ሸጦ አንዲት ጠመንጃ ለሚገዛ ባላገር ግን ምርጫው እንደ ቁርባን ጋብቻ ያለ ነው፤ አንዴ ከተፈጸመ መፍታት አይኖርም።

ይህንን ምርጫ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከብረቱ ነው፤ አፈሙዙ ረዘመ፣ ሰደፉ አማረ፣ ድምፁ ገደል ለገደል ያስተጋባል እያለ ያወድሳል። የጠመንጃን ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን አስቀድመው «ጥይቱ ከወዴት ይመጣል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እኔም በነገሩ ከእነርሱ ወገን ነኝ። ባላገሩ በቁርባን የሚያገባት ጥይቲቱን ነው፤ ብረቱ ሚዜ ነው።

ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደርን ነበር፤ ሕዝባችንም ያን የባዕድ ስም ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ሰናድር አለው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሐበሻ ምድር የገባው ጠመንጃ ሁሉ እንደዚሁ የክርስትና ስም ወጣለት፤ ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» የሚሉት ውጅግራ፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር፣ የኮሎኔል ለቤል ስም የተሰጠው ለበን ሲባሉ፣ በቤልጅግ አገር የተሠራው ማውዘር ደግሞ ያለ ብዙ ድካም ቤልጅግ ተባለ። የመጣው ሁሉ አዲስ ነበር ማለት አይደለም፤ ቅኔውን ትቶ ንግድ የያዘው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው 2,000 ያህል ጠመንጃ አውሮፓ ጥላው ያለፈችው አሮጌ ዕቃ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት የያዘው ጠመንጃም ኅብሩ ብዙ ነበር፤ የጣሊያኑ ጠመንጃ የቬተርሊ ጥይት 10.35 ሚሊሜትር፣ የውጅግራ ደግሞ 11 ሚሊሜትር ነውና፣ ወንድም ለወንድሙ ዝናሩን ፈትቶ ቢሰጠው እንኳ ጥይቱ ለጠመንጃው የማይሆን ሊሆን ይችል ነበር።

ስለ ውጅግራ ትንሽ ላውጋ፤ ነገሬን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የምታስረዳልኝ እርስዋ ናትና። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣች፣ በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ የምትጎርስ፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ የምትተፋ፣ በተተኮሰችም ጊዜ ነጭ ጢሷ ተኳሹን ለጠላቱ የሚያሳብቅበት ጠመንጃ ናት። ፈረንሳይ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1886 በለበን ተክታታለች። በእኛ አገር ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ነገሠች፤ ምክንያቱም ጥይቷ ከገበያ አልጠፋ ብሎ፣ ከአሞሌ ጨው ጋር ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ እስኪያገለግል ድረስ በየሰዉ እጅ ይዞር ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ዝናሩን የሞላ ሰው ኪሱንም ሞላ ማለት ነው፤ ይህን የመሰለ በረከት ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ጠመንጃ ላይ ሲወርድ አልታየም። ከዚህም በላይ ጥቁር ባሩድ የመንደር ጥበብ ነው፤ ድኙን፣ ከሰሉንና ከአፈር ተጣርቶ የሚወጣውን ጨው መሰል ማዕድን አዋሕዶ መውቀጥ የአገራችን ባለ እጅ ከጥንት ጀምሮ ያውቅበት ስለ ነበረ፣ ቀለሁን ያልጣለ ሰው መለኮሻውን ብቻ ካገኘ መልሶ ይሞላዋል። ጢስ አልባው ባሩድ ግን ፋብሪካ የሚሻ፣ ከመንደር ወቃጭ አቅም በላይ የሆነ ምስጢር ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ጠመንጃ ተኳሹን ከጢስ ሲያድነው በዚያው ልክ የነጋዴ ጥገኛ አደረገው።

ውጅግራም ብትሆን ዘላለማዊ አልነበረችም። በአያቴ ቤት ምሰሶ ላይ አንዲት ተሰቅላ ነበር፤ እኔ ሳውቃት ጥይት አልነበራትም፤ ሙሽራይቱ ሞታበት ሚዜው ብቻ የቀረበትን ሠርግ ትመስል ነበር።

ለበን ስምንት ጥይት ከአፈሙዙ በታች በተዘረጋ ቱቦ ይሸከማል፤ ነገር ግን አንድ በአንድ ስለሚጎርስ ባለቤቱ በጭንቅ ሰዓት ጣቱ ይርበተበታል። ምንሽር አምስት ጥይት ካቀፋቸው ቆርቆሮ ጋር በአንድ ጊዜ ይጎርሳል፤ ቆርቆሮው የጠፋ ዕለት ግን ያ ሁሉ ዝናው ቀርቶ እንደ ውጅግራ አንድ ጎራሽ ይሆናል። ሁለቱንም አላናንቅም፤ ለባለ አንድ ጠመንጃ ግን አልመክራቸውም።

ቤልጅግ ከነዚህ ይለያል። እርሱም አምስት ጎራሽ ነው፤ ጥይቶቹን የያዘችው ቀጭን ብረት ግን ከጎረሰ በኋላ ትጣላለች፤ ብትታጣም ጥይቱን በጣት ማጉረስ ይቻላል። ክቡር ዘበኛን የቤልጅግ መኮንኖች ሲያሠለጥኑ የዚያ አገር ማውዘር በእጁ ነበር፤ ጥይቱም 7.92 ሚሊሜትር ነው። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የሂትለር መንግሥት፣ ከሙሶሊኒ ጋር ገና ሳይወዳጅ፣ 10,000 ያህል ማውዘር በስውር ለኢትዮጵያ ሲልክ የእርሱም ጥይት ይኸው ነበር። ሁለት መንግሥታት በአንድ ጥይት ሲስማሙ ባለ አንዱ ጠመንጃ ያተርፋል።

ይህ ሁሉ ስሌት በወረራው ዘመን ተገለበጠ። በየዱሩ የገቡት አርበኞች ከውጭ ጥይት የሚያመጣ ነጋዴ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ 6.5 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርሰው፣ በሌላ ጊዜ ማንም ብዙ የማያደንቀው የጣሊያን ካርካኖ ለእነርሱ ውድ ዕቃ ሆነ፤ ስንቅ አቀባዩ ወራሪው ራሱ ነበርና። የጥይቱ ጎተራ ከጠላት ሰፈር ከሆነ፣ መምረጥ ያለብህ ጠላትህ የሚተኩሰውን ነው።

ከጥይቱ ቀጥሎ የሚመረመረው የአፈሙዙ ውስጥ ነው። ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጦ፣ መቀርቀሪያውን አውጥቶ ወደ ብርሃን የሚያይ ሰው፣ ጠመዝማዛው መስመር ጥርት ብሎ ከታየው ጠመንጃው ገና ዕድሜ አለው፤ ዝገት የበላው ከሆነ ግን የሰደፉ ጌጥ አያድነውም። የቀድሞ ጥይቶች መለኮሻ ከተተኮሰ በኋላ ጨው ያስቀራልና፣ ያን ጨው ዘይት ብቻውን አያወጣውም፤ በዕለቱ በፈላ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። አንዱ ከሌላው ይመሳሰላል ብሎ ባዕድ ጥይት ማጉረስ ደግሞ ዓይንንም እጅንም ያሳጣል።

በዛሬው ዘመን ክላሽ ሌሎቹን ሁሉ የተካው፣ ስለ ብርታቱ የሚነገረው እንዳለ ሆኖ፣ 7.62 ሚሊሜትር የሆነችው አጭር ጥይቱ በብዙ አገር ስለምትሠራ ጭምር ነው፤ የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ለእርሱም አልተለወጠም። አሁን ግን ከጥይቱም በፊት የሚጠየቅ ሌላ ነገር አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ስለሆነ፣ የአባት ውርስ ነው ማለትም አያድንም።

እኔ ከቀደሙት መካከል አንዱን ብቻ ውሰድ ብባል ቤልጅጉን እወስዳለሁ፤ የአያቴን ውጅግራ ግን ከምሰሶዋ አላወርዳትም።