«ይችላል» ወይስ «አለበት»? ከውጫሌ እስከ ባጃጅ ውላችን

ከሐይቅ ከተማ ተነስታችሁ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን ስትጓዙ አምባሰል ትገባላችሁ። ውጫሌ እዚያ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው ተወካይ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። አንቀጽ 17ን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል፦ የአማርኛው ምኒልክ በኢጣሊያ በኩል ከአውሮፓ ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው።

ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ግን አንቀጽ 19ን ነው። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ስለሆኑ እኩል ይጸናሉ ይላል። ታዲያ ባይመሳሰሉስ? አንቀጹ መልስ የለውም። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ክርክሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በጦርነት ለየለት። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት የውጫሌን ውል ሻረው።

«ይሄ እኔን ምን አገባኝ?» እንዳትሉ። ሐይቅ ላይ ሁለት ጓደኛሞች ባጃጅ በጋራ ገዙ እንበል። ውላቸው ላይ «ጠብ ቢመጣ በሽማግሌ ይታያል» ብለው ጻፉ። ሽማግሌው አስታራቂ ነው ወይስ ዳኛ? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

በእርቅ ጊዜ አስታራቂው ያቀራርባችኋል፣ ሐሳብ ያቀርባል፤ አይፈርድባችሁም። ካልጣማችሁ ሳትፈርሙ ትነሳላችሁ። ከፈረማችሁ ግን ያስራችኋል።

የግልግል ዳኝነት ሌላ ነው። የመረጣችሁት ዳኛ ይወስናል፤ ባትወዱትም ይጸናል። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። ይግባኝ የሚባለውም ራሳችሁ አስቀድማችሁ ከተስማማችሁበት ነው። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ሰበር መሄድ ይቻላል፤ እሱንም ቢሆን በውላችሁ ካላስቀራችሁት። ደግሞ ሁሉም ጉዳይ በግልግል ዳኛ አይታይም፦ ፍቺ፣ ወንጀል፣ ግብር አይነኩም።

«ወደ ግልግል ዳኛ መውሰድ ይችላሉ» እና «በግልግል ዳኛ ብቻ ይወሰናል» የሚሉትም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ራሱ ሌላ ክርክር ይወልዳል፤ ሁለተኛው የፍርድ ቤቱን መንገድ ይቆርጣል። ብዙ የውጭ አፖች «እስማማለሁ» የሚለውን ስትነኩ እንዲህ ዓይነት አንቀጽ አብረው ያስፈርሟችኋል።

ስለዚህ ውል ስትፈርሙ የመጨረሻዎቹን አንቀጾች አትዝለሉ። እርቅ ነው ወይስ ዳኝነት? ዳኛውን ማን ይመርጣል? ስንት ናቸው? የት ይቀመጣሉ? ይግባኝስ አለው? ውሉ በሁለት ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ልዩነት ቢመጣ የትኛው እንደሚጸና አጽፉ። ውጫሌ ላይ የጎደለችው ይቺ መስመር ነበረች።