ቶማሽ ጎሎብ፦ ፍሬን የሌለው ሞተር ንጉሥ

ቢድጎሽች፣ ቶሩንና ጎዡፍን በመሳሰሉ የፖላንድ ከተሞች ስታዲየሙን ጢም የሚያደርገው እግር ኳስ አይደለም፤ ስፒድዌይ የተባለው የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ነው። ይህን ስፖርት በአንድ ሰው በኩል ለማወቅ ለሚሻ ደግሞ ከቢድጎሽቹ ልጅ ከቶማሽ ጎሎብ የተሻለ አይገኝም።

በቅድሚያ ሞተሩን እንየው። 500 ሲሲ ነው፤ ሲሊንደሩ አንድ፣ ነዳጁ ሜታኖል፣ ፍሬን የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። አራት ሞተረኞች ከተዘረጋ ገመድ ኋላ ይሰለፋሉ። ገመዱ ሽቅብ ሲነሳ ፍሪሲዮኑን ለቀው ይፈተለካሉ፤ ሞላላውን የአፈር ሜዳ አራት ጊዜ ይዞሩታል። በአንድ ደቂቃ ገደማ ሁሉም ነገር ያልቃል። አንደኛው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ሲያገኙ የመጨረሻው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ፍሬን ከሌለው ታዲያ ኩርባውን እንዴት ይታጠፋል? በጋዝ ነው። ሞተረኛው ጋዙን ሲሰጠው የኋላው ጎማ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። መሪው ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ ሞተሩ ወደ ግራ ይዞራል፤ ብረት የተገጠመለት የግራ እግር ጫማም መሬቱን እየፋቀ ሚዛን ይጠብቃል። ጎማው የሚረጨው አፈር ከኋላ የሚመጣውን ሰው መነጽር ይደፍናል። ስለዚህ መነሻው ላይ የቀደመ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ይቀድማል።

ጎሎብ ግን ከኋላ ተነስቶ መቅደም ያውቅበት ነበር። ብዙዎቹ አጭሩን የውስጥ መስመር ሲሻሙ እሱ ወደ አጥሩ ይጠጋ ነበር። እዚያ ጎማዎች የገፉት ልል አፈር ተከማችቷል፤ መንገዱ ቢረዝምም ጎማው መቆንጠጫ ያገኝበታልና ከኩርባው ሲወጣ ፍጥነቱ ይበልጣል። ከአጥሩ በክንድ ርቀት፣ ያለ ፍሬን! ለእኔ የዚህ ስፖርት ውበት ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የዓለም ሻምፒዮና በተከታታይ የግራንድ ፕሪ ውድድሮች መካሄድ ሲጀምር፣ በ1995 ቭሮትስዋፍ ላይ የመጀመሪያውን ያሸነፈ እሱ ነበር። ዋንጫው ግን ራቀው። በ1999 ሊወስደው ጥቂት ሲቀረው ክፉኛ ወደቀ፤ ጉዳቱን ችሎ ቢወዳደርም በስዊድናዊው ቶኒ ሪካርድሰን ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። በ2007 አባቱ ያበርሩት የነበረው ትንሽ አውሮፕላን ታርኑፍ አጠገብ ሲከሰከስ በሕይወት ተረፈ።

በ2010፣ በ39 ዓመቱ፣ ጣሊያን ቴሬንዛኖ ላይ አንድ ውድድር እየቀረው የዓለም ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ። ከእሱ በፊት ይህን ክብር ያገኘ ፖላንዳዊ ዬዢ ሽቻኪየል ብቻ ነበር፤ እሱም በ1973። አገሪቱ 37 ዓመት ጠብቃለች ማለት ነው።

በሚያዝያ 2017 በሞተርክሮስ ውድድር ዕለት ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። በጎዡፍ ቡድን አብሮት የተወዳደረው ወጣቱ ባርቶሽ ዝማርዝሊክ በ2019 ሦስተኛው ፖላንዳዊ ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ 2025 ድረስም ክብሩን ስድስት ጊዜ ወስዷል። በዋንጫ ቁጥር ጎሎብ አይደርስበትም። አጥር ታክኮ በመቅደም ግን እስካሁን የሚወዳደረው አላየሁም። የድሮ ውድድሮቹን የማየት ዕድል ካገኛችሁ፣ የሚመራውን ትታችሁ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆኖ ወደ አጥሩ የሚወጣውን ተከተሉ።