ከመግፋት በፊት

ጭራሽ የማይነሳ መኪና ለኤሌክትሪሺያን አይከብድም። የሚያደክመው ጠዋት እምቢ ብሎ ገርጂ፣ እኛ ጋራዥ ሲደርስ ቁልፍ እንደተነካ የሚነሳው ነው።

ሰሞኑን የመጣልኝ የአስጎብኚ ላንድክሩዘር እንዲህ ያለ ነበር። ድንኳንና ምድጃ ጭኖ ከቦሌ ወደ ስሜን ተራሮችና ወደ ዳናኪል የሚመላለስ አሮጌ የናፍጣ መኪና ነው። ሹፌሩ ባትሪ ቢቀይርለትም አመሉን አልተወም።

«ጋሼ፣ ሞተሪኖውንም ልለውጠው?»

«እምቢ ሲል ምን ድምፅ ያሰማል? መብራቱስ ይደክማል?»

«እኔ እንጃ፤ ሰው ጠርቼ አስገፋዋለሁ።»

አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚገፋ ሰው አይጠፋም። ተገፍቶ ሲነሳ ግን ብልሽቱን የሚያሳየው ምልክትም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እምቢ ሲል የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን እንዲያዞር ነገርኩት። መብራቱ ክፉኛ ከደከመ የሚጠረጠረው ባትሪው ወይም የላላና የዛገ ተርሚናል ነው። መብራቱ እንዳለ ሆኖ «ጠቅ» ብቻ ካለ ሞተሪኖው ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ገመድ ነው። ጨርሶ ድምፅ ከሌለ ከኳድሮና ከፊውዝ እንጀምራለን። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ደግሞ ናፍጣው ወይም የማሞቂያ ካንዴላው ይታያል።

አንድ ጠዋት ከሰሚት ደወለልኝ፦ «መብራቱ አልደከመም፤ ጠቅ ብቻ ይላል።» እንዳያስገፋው ነግሬው ቴስተር ይዤ ሄድኩ። ቁልፉ ሲዞር የባትሪው ኃይል ሞተሪኖው መግቢያ ድረስ ሳይጎድል ይደርሳል፤ ከመግቢያው አልፎ ግን የለም። ፈትተን ስናየው ውስጡ ያሉት ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች ተበልተዋል፤ አንደኛው ባንድ ወገን ብሶበታል። የሚያገናኛቸው ክብ መዳብ ባለበት ስለሚሽከረከር፣ ደህናው ጎኑ ሲገጥም መኪናው ይነሳል፣ ሳይገጥም ዝም ይላል። ኮንታክት ለብቻው ይሸጣል፤ ሞተሪኖው ሙሉ በሙሉ መለወጥ አላስፈለገውም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ ያሉትን አሮጌዎች ማቆየት ግድ ሆኗል። ብዙ ደንበኛ ግን ለዕቃ ገንዘቡን ሳያመነታ እየከፈለ፣ «ለለካሁበት ክፈል» ሲባል ቅር ይለዋል። አንዳንድ ጋራዥ በግምት ዕቃ የሚቀያይረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እኔ የልኬቱን ዋጋ መኪናው ከመግባቱ በፊት እናገራለሁ፤ ሹፌሩም ሲከፍል ከባትሪው ዋጋ ጋር አስተያይቶት ነበር።