ከሱቅ ዐረቢ አለፍ ብሎ፦ የሰማይ ድንጋይ፣ የአሸዋ ዝንብና የእግር እሾህ

ካርቱምን የረገጠ ስደተኛ ሱቅ ዐረቢን አያጣውም። ከገዳሪፍ በአውቶቡስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነበር። ስልክ የሚገዛው፣ ዶላር የሚመነዝረው፣ የጠፋ ዘመዱን የሚያፈላልገው፣ ሻይ ከሚያፈሉት እህቶቻችን ዘንድ ተቀምጦ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነበር። ከታላቁ መስጊድ አካባቢ ተነስቶ ወደ ዓባይ ዳር ለሚራመድ ሰው ደግሞ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም። ግን ማን ወደዚያ ይሄዳል? ጉዳያችን ገበያው ላይ ነው። ታዲያ ከዚያ አጥር ጀርባ የሚሠሩት ሰዎች ከሚያጠኗቸው ነገሮች መካከል የሰሊጥ ሠራተኛው ትኩሳትና የባዶ እግሩ ቁስል እንደሚገኙበት ስንቶቻችን እናውቃለን? በዛሬው ገጻችን የምናነሳው ይህንኑ ነው። ከሰማይ እንጀምር፣ ቀስ ብለን ወደ መሬት እንወርዳለን።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 2008 በአሜሪካ አሪዞና ተራራ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ አንድ ተንቀሳቃሽ ነጥብ አየ። ነጥቧ አራት ሜትር ያህል ስፋት ያላት፣ 80 ቶን ገደማ የምትመዝን አለት ነበረች። በእኛ ልክ ስንለካው 800 ኩንታል ሰሊጥ ማለት ነው። ስሌቱ ሲሠራ አለቲቱ በአንድ ቀን ውስጥ መሬት ላይ እንደምትወድቅ፣ የምትወድቀውም በሰሜን ሱዳን በረሃ እንደሆነ ታወቀ። የሰው ልጅ ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይን ሳይወድቅ በፊት አይቶ ቦታውን ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ አለቲቱ ደረሰች። ፍጥነቷ በሴኮንድ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በዚያ ፍጥነት ከገዳሪፍ ካርቱም የግማሽ ደቂቃ መንገድ ነው፤ በአውቶቡስ ያንን መንገድ የለፋበት ሰው ይፍረደን። አየር እንዲህ ለሚከንፍ ነገር እንደ ግድግዳ ስለሆነ ከመሬት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈነዳች። ብልጭታውን ከ1,400 ኪሎ ሜትር ርቀት በአውሮፕላን ላይ የነበረ አብራሪ አይቶታል። ለሱብሒ ሶላት የተነሱ የበረሃ ሰዎችም አዩት።

ብዙዎች አለቲቱ አየር ላይ ተንና ጠፋች ብለው ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ሙዓውያ ሸዳድና ከካሊፎርኒያ የመጣው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፒተር ጄኒስከንስ ግን አልተቀበሉትም። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መሣሪያ መትከል አልነበረም፤ ሰው መጠየቅ ነው። በዋዲ ሐልፋና በባቡሩ መስመር ላይ ያሉትን ሰዎች፦ የት አያችሁ? ጭሱ በየት በኩል ነበር? እያሉ ጠየቁ። ከዚያ በታህሳስ ወር 45 ያህል ተማሪዎችና ሠራተኞች ከካርቱም ተጭነው ሄዱ። በረሃው ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው አሸዋውን እያዩ በእግር ተጓዙ። አሸዋው ፈዛዛ ነው፣ ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ ዓይን ያለው ሰው ያየዋል። የመጀመሪያውን ቁራጭ ያገኘውም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። በተከታታይ ፍለጋ 600 ያህል ቁርጥራጮች ተለቀሙ፤ ሁሉም ተደምረው ከ11 ኪሎ አይበልጡም። ከ800 ኩንታል የተረፈው ይህ ብቻ ነው።

ድንጋዩ በዓለም የሚታወቀው በዐረብኛ ስሙ ነው፦ አልመሐጣ ሲታ፣ ስድስተኛው ጣቢያ ማለት ነው። ከዋዲ ሐልፋ ወደ አቡ ሐመድ በሚሄደው የባቡር መስመር ላይ በረሃ መሐል ያለች ትንሽ ጣቢያ ናት።

ጥቅሙ ምንድነው የሚል አይጠፋም። ሳይንቲስቶች አለቲቱ ሰማይ ላይ እያለች ብርሃኗን በቴሌስኮፕ መዝግበው ነበር። ድንጋዩ ሲገኝ ሩቅ ሆነው ያዩትን ብርሃንና በእጃቸው የያዙትን ድንጋይ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያዩ። ሰማይ ላይ የሚዞሩት ሌሎች አለቶች ከምን እንደተሠሩ ለመገመት እንዲህ ዓይነት ማመሳከሪያ ከዚያ በፊት አልነበረም። በ2018 ደግሞ ከስዊዘርላንድ የመጣ ጥናት በድንጋዩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን አልማዞች ሊፈጠሩ የሚችሉት በትልቅ ፕላኔት ሆድ ውስጥ ባለ ግፊት እንደሆነ ገለጸ። ያ ፕላኔት ከሜርኩሪ እስከ ማርስ የሚያህል፣ የፀሐይ ቤተሰብ ገና ሲፈጠር የነበረና በኋላ በግጭት የፈረሰ ነው ይላሉ። (አልማዝ የሚለውን ሰምቶ ወደ በረሃ ለመሄድ የሚያስብ ካለ ይረጋጋ፤ በማይክሮስኮፕ ነው የሚታዩት፣ ገበያ አያወጡም።)

በካርቱም ምርምር በዚያ ድንጋይ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1903 በዚያን ጊዜው የጎርደን ኮሌጅ፣ ማለትም በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ የዌልካም የሐሩር ክልል ምርምር ቤት ተከፍቶ ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አንድሩ ባልፎር የከተማውን ወባ ለመቀነስ ትንኝ የሚራባበትን ውኃ እያሳደደ ዘይት ያስደፋ ነበር። በጀልባ ላይ የተሠራ ተንሳፋፊ ላቦራቶሪም በናይል ላይ ይመላለስ ነበር። የቅኝ ገዢ ሥራ ነው፤ ወታደሩንና ሹሙን ለማዳን የታሰበ። ይሁን እንጂ ሱዳናውያን ሐኪሞች ኋላ ሙያውን ተረክበው የራሳቸውን ገበሬ በሽታ ያጠኑበት ጀመር። ለእኛ የሚበጀው ወሬ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ካላዛርን የማያውቅ የሑመራና የመተማ ሠራተኛ የለም። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ለሰሊጥ ወርዶ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሰውነቱ ከስቶ የተመለሰ ስንት ሰው አለ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከትንኝ ታንሳለች፣ ስትበር ድምፅ የላትም። ቀን በጥቁር አፈር ስንጥቅ ውስጥ ተኝታ ማታ ትወጣለች፣ ግራር ባለበት ትበዛለች። እንግዲህ ሠራተኛው ደክሞት ከዛፍ ሥር፣ ስንጥቅ መሬት ላይ ሲተኛ ማን ቤት እንደተኛ አስቡት።

በአካል ውስጥ የሚሆነው ነገር ይገርማል። ሰውነታችን ጀርም ሲገባ እየዋጡ የሚፈጩ ዘበኛ ሴሎች አሉት። የካላዛር ተውሳክ ሲዋጥ አይፈጭም። ዘበኛው ሆድ ውስጥ ተመቻችቶ ይራባል፣ ሴሉን አፈንድቶ ወደ ሌላው ይገባል። ሌባው የሚኖረው ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ነው ማለት ነው። እነዚህ ሴሎች በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ስለሚበዙ ጣፊያ ያብጣል፣ ደም ያንሳል፣ ሰው ይመነምናል። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይሞታል።

በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የነባር በሽታዎች ምርምር ተቋም አለ። እንደ ፕሮፌሰር አሕመድ መሐመድ አልሐሰን ያሉ ሐኪሞች በዚህ በሽታ ላይ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። ካጠኑት አንዱ በሱዳን ከካላዛር ከዳኑት ግማሽ ያህሉ ላይ በኋላ ፊት ላይ ጀምሮ ሽፍታ እንደሚወጣ ነው። ሽፍታው ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ነገር ግን በቆዳው ውስጥ ተውሳኩ ስላለ ዝንቧ ከዚያ ሰው ወስዳ ለሌላው ልታደርስ ትችላለች።

ሕክምናውም ተለውጧል። ድሮ 30 ቀን መርፌ ነበር፤ የወጋ ያውቀዋል። በሱዳን፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ አብረው በተደረገ ጥናት ሁለት መድኃኒት ተደርቦ 17 ቀን እንደሚበቃ ተረጋገጠና የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መከረው። በ2022 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሁለቱ መርፌዎች አንዱን በሚዋጥ መድኃኒት ተክቶ ወደ 14 ቀን አወረደው። ጥናቱ ከተደረገባቸው ቦታዎች መካከል በገዳሪፍ ያለችው ዶካ፣ በእኛ በኩል ጎንደርና አብደራፊ ይገኛሉ። ድንበር ለዝንቧ እንደሌለ ሁሉ ለሐኪሞቹም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንንገራችሁ። በ2005 በአማራ ክልል ሊቦ ከምከም ካላዛር ሲገባ መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ያለው፣ የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው፣ በግራ ጎኑ ከጎድን በታች እብጠት የሚሰማው ሰው ካለ፣ በተለይ ከእርሻ የመጣ ከሆነ፣ ክሊኒክ ሄዶ የካላዛር ምርመራ ብሎ ይጠይቅ። ኤች አይ ቪ አብሮ ካለ መድኃኒቱ የተለየ ስለሆነ ለሐኪሙ መደበቅ አይገባም።

አሁን ወደ እሾሁ። ከሱቅ ዐረቢ በሃፍላ ወደ ደቡብ ሲኬድ ሶባ ይደረሳል። እዚያ ሆስፒታል ውስጥ በ1991 የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። ሱዳኖች በሽታውን ነብት ይሉታል፣ የበቀለ እንደማለት። በእሾህ ወይም በስንጥር በተወጋ እግር ፈንገስ ይገባል ተብሎ ይታመናል። መጀመሪያ ትንሽ እብጠት ናት፣ አታምም። አደጋዋ ይኸው አለማመሟ ነው፤ ማን ላላመመው ነገር የቀን ሥራ ትቶ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል? ዓመታት ሲያልፉ ቆዳው ይበሳል፣ ጥቁር ፍሬ የመሰለ ነገር ይወጣል፣ አጥንት ይበላል። ስንቱ እግሩን ተቆርጧል። ያ ጥቁር ፍሬ የፈንገሱ ምሽግ ነው፤ ጠንካራ ሽፋን ስላለው መድኃኒት በቀላሉ አይዘልቀውም። ለዚህ ነው ሕክምናው ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጀው። በባክቴሪያ የሚመጣው ዓይነት ግን በአንቲባዮቲክ የተሻለ ይድናል፤ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ መመርመር የግድ ነው።

ማዕከሉን የመሩት ፕሮፌሰር አሕመድ ፋሃል ከ10 ሺህ በላይ ሕሙማን ተቀብለዋል። ከብት እሾህ በታጠረ ዘሪባ ውስጥ ከሰው ጋር አብሮ የሚያድርባቸው መንደሮች ድረስ ወርደው ሠርተዋል። ማይሴቶማ በዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር የገባው ገና በ2016 ነው። በ2017 በዚሁ ማዕከል በዓለም የመጀመሪያው የተሟላ የመድኃኒት ሙከራ ተጀመረ። አዲሱ መድኃኒት ከአሮጌው ይበልጣል አልተባለም። ልዩነቱ አሮጌው በየቀኑ ሲዋጥ አዲሱ በሳምንት አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። ከሩቅ መንደር ለሚመጣ ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱ ፈነዳ። ሱቅ ዐረቢ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ የውጊያ ሜዳ ሆነ፤ ሱቆቹ ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። በዚያው ወር ተዋጊዎች ብሔራዊውን የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ ይዘው ባለሙያዎቹን አስወጡ፤ የኩፍኝ፣ የኮሌራና የፖሊዮ ናሙና ያለበት ቤት ነው። ጦር ሠራዊቱ የካርቱምን መሐል መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው። ሰዉ ወደ ሶባ ሲመለስ የማይሴቶማ ማዕከሉ ፈርሶ ተገኘ። ፕሮፌሰር ፋሃል እንደተናገሩት ከ40 ዓመት በላይ የተሰበሰበው የናሙናና የመረጃ ክምችት በሙሉ ጠፍቷል። ሕንፃ በገንዘብ ይሠራል። ከሺህ ገበሬ እግር በአርባ ዓመት የተለቀመ ናሙና ግን ከየት ይመጣል?

ሕሙማኑም ተበትነዋል። መድኃኒታቸውን መሐል ላይ ያቋረጡ አሉ፤ አንዳንዶቹ በየካምፑ ከእኛ ጋር ሊኖሩ ይችላሉ። የሐኪም ወረቀት ወይም ካርድ ከሶባ ይዞ የወጣ ሰው ካለ፣ ቢቀደድም ቢቆሽሽም አይጣለው። ለካምፑ ክሊኒክ ያሳየው፤ የበሽታው ዓይነትና የተጀመረው መድኃኒት እዚያ ላይ ተጽፏል፣ ዋናው መዝገብ ደግሞ ከአሁን በኋላ የለም።