የአማርኛን ሆሄያት በ8×8 ኤልኢዲ ማትሪክስ ማሳየት፦ የቅርጽ፣ የማኅደረ ትውስታና የኃይል ገደቦች

«ዝጋ» ትእዛዝ ነው፤ «ዘጋ» የተፈጸመ ድርጊት ነው። ሁለቱን የሚለየው በአንድ ሆሄ ላይ ያለ ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። በውሃ ፓምፕ አጠገብ በተተከለ ማሳያ ላይ ይህ ምልክት ቢጠፋ፣ ሠራተኛው ቫልቩን መዝጋት እንዳለበት ወይም ቀድሞ እንደተዘጋ ሊለይ አይችልም። ስለሆነም በትርፍ ጊዜ የኤሌክትሮኒክስ ሥራዎች የሚዘወተረው 8×8 ኤልኢዲ ማትሪክስ አማርኛን በትክክል ለማሳየት ምን እንደሚጠይቅ መመርመር ተገቢ ነው።

ማትሪክሱ 64 ነጥቦች ያሉት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ማክስ7219 በተባለ ቺፕ ይመራል። ቺፑ ረድፎቹን በየተራ በሴኮንድ 800 ጊዜ ገደማ ስለሚያበራ ዓይን ምስሉን ሳይቋረጥ ያየዋል። ማይክሮኮንትሮለሩ በሦስት የመረጃ ሽቦዎች 16 ቢት እየላከ አንድ ረድፍ ይሞላል፤ ቺፖቹም እርስ በርስ ሊቀጣጠሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ገደብ ቅርጽ ነው። ለላቲን ፊደል 5×7 ነጥብ የተለመደ ልኬት ነው፤ ለአማርኛ ግን አይበቃም። ለአብነት «ጤ»ን እንውሰድ። ሦስቱ እግሮች በመካከላቸው አንድ አንድ ክፍት ዓምድ ሲኖር 5 ዓምድ ይይዛሉ። ቀለበቱ መሐሉ ክፍት ሆኖ እንዲታይ ቢያንስ 3×3 ነጥብ ይፈልጋል፤ የቀኙን እግር ዓምድ ቢጋራ እንኳ ድምሩ 7 ዓምድ ይሆናል። ስፋቱ ወደ 6 ዝቅ ቢል ቀለበቱ ይደፈንና ሆሄው «ጢ»ን ይመስላል። ስለዚህ 7 ዓምድ ለሆሄው፣ 1 ዓምድ ለክፍተት መመደብ፣ ማለትም ለአንድ ሆሄ አንድ ማትሪክስ መስጠት አስተማማኝ ነው።

ሁለተኛው ገደብ ማኅደረ ትውስታ ነው። በዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል ከ4608 እስከ 4991 ያሉ 384 ቦታዎችን ይይዛል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ነው፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ 225 ነው። ለላቲን ብቻ የተዘጋጀ ፕሮግራም ሦስቱን ባይቶች እንደ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች የሚያነበው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሁለተኛው ባይት 136 ቀንሶ በ64 ማባዛት፣ ከዚያም ከሦስተኛው ባይት 128 ቀንሶ መደመር። «ዝ» 225፣ 139፣ 157 ስለሆነ ተራ ቁጥሩ 221 ይሆናል። ለአንድ ሆሄ 8 ባይት ሲመደብ ሙሉው ሠንጠረዥ 3072 ባይት ይወስዳል። ይህ ከአርዱዊኖ ኡኖ 2048 ባይት ራም ስለሚበልጥ 32 ኪሎባይት በሆነው የፍላሽ ማኅደር መቀመጥ አለበት።

ሦስተኛው ገደብ የጽሑፍ ርዝመት ነው። በገበያ የተለመደው ባለአራት ማትሪክስ ሰሌዳ 32 ዓምድ አለው። ለአውቶቡስ የመድረሻ ምልክት ቢታሰብ «አንኮበር» 40 ዓምድ ስለሚፈልግ መንሸራተት ይኖርበታል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ 72 እርምጃ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ እርምጃ 50 ሚሊሴኮንድ ቢሆን 3.6 ሴኮንድ ነው። «ደብረ ብርሃን» ሲንሸራተት ግን ሌላ ችግር አለ፤ አሻግሮ የሚያይ ተጓዥ «ደብረ» የሚለውን ብቻ ቢያነብ መድረሻው ደብረ ሲና ይሁን ደብረ ብርሃን አያውቅም። «ብርሃን» በአራት ማትሪክስ በልኩ ስለሚገባ፣ ስሙን በሁለት ገጽ ከፍሎ እያፈራረቁ ማሳየት ይሻላል። ይህም ቢሆን ሁለተኛው ገጽ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ማድረግን ይጠይቃል።

በመጨረሻም ኃይል አለ። ሁሉም ነጥቦች በሙሉ ድምቀት ሲበሩ አንድ ቺፕ እስከ 330 ሚሊአምፒር ሊስብ ይችላል፤ አራቱ 1.32 አምፒር ይደርሳሉ። የዩኤስቢ 2.0 ወደብ ደግሞ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው። ስለዚህ የተለየ የ5 ቮልት ምንጭ ማዘጋጀት፣ ወይም ከቺፑ 16 የድምቀት ደረጃዎች ዝቅተኛውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ፈተና ይቅደም፦ «ዝጋ»ና «ዘጋ»ን፣ «ጤ»ና «ጢ»ን ያለ ዐውድ አሳይቶ፣ ሥራውን የማያውቅ አንባቢ በትክክል መለየቱን ማረጋገጥ።